ጌም ለመሥራት ክራክ «ዳሩራ» ነው?



በእኛ መካከል ስለ ጌም ሲነሳ ወሬው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው የሚሄደው። መጫወት ይቻላል ወይ? ስንት ሰዓት? ሶላት የሚያሳልፈው፣ ቁማር ያለበት የቱ ነው? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ኡስታዞቻችንም በሰፊው ተናግረውባቸዋል። የዛሬው ጽሑፌ ግን ከተጫዋቹ ይልቅ ስለ ሠሪው ነው። ጌም መሥራት የሚፈልጉ፣ ከትምህርት ወይም ከሥራ መልስ ማታ ማታ ዩቲዩብ እያዩ የሚሞክሩ ሙስሊም ወጣቶች በየከተማው አሉ። አንዱ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነው፣ አንዷ ሥዕል የምትወድ ልጅ ናት፣ ሌላው ቀን ሱቅ ውስጥ የሚውል ነው። ማንም አይከፍላቸውም፤ ስለሚወዱት ነው የሚሠሩት።

እነዚህ ወጣቶች አንድ መስመር ኮድ ከመጻፋቸው በፊት የሚያደርጉት ነገር ምንድነው? ክራክ መፈለግ። ዊንዶውሱ ኮምፒውተር ቤት የተጫነ ክራክ ነው። ፎቶሾፑ ክራክ ነው። የድምፅ ማቀናበሪያውም ክራክ ነው። ከቴሌግራም ቻናል ይወርዳል፣ «መጀመሪያ አንቲ ቫይረሳችሁን አጥፉ» የሚል መመሪያ አብሮት ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ይጫናል። ሥጋ ሲገዛ ማን እንዳረደው የሚጠይቅ ልጅ እዚህ ጋ ሲደርስ ምንም አይጠይቅም። ብትጠይቁት መልሱ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፦ «ምን ላድርግ፣ ዳሩራ ነው። ብሩ የለኝም። ብሩ ቢኖረኝ ዶላሩ የለም። ዶላሩ ቢኖር በኢንተርኔት የምከፍልበት ካርድ የለኝም።»

ችግሩ እውነት ነው፤ አላቃልለውም። ግን አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ቢያንስ ጌም በትርፍ ጊዜው ለሚሠራ ሰው ይህ ዳሩራ የለም። ካለቀ አሥር ዓመት አልፎታል።

እዚህ ላይ ሙፍቲ እንዳልሆንኩ አስቀድሜ ልናገር። ፈትዋ የሚፈልግ ሰው ወደ ዑለማዎች ይሂድ። የማውቀውን ያህል ለመጥቀስ፣ ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ የደራሲነት፣ የፈጠራና የንግድ ምልክት መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ መሆናቸውንና መድፈር እንደማይፈቀድ ወስኗል። በዝርዝሩ ላይ፣ በተለይ ለግል ጥቅምና ለትምህርት በሚባለው ላይ፣ የተለያየ አስተያየት የሰጡ ዑለማዎች እንዳሉም አውቃለሁ። የልዩነቱ ሜዳ የኔ አይደለም። ዳሩራ የምንለው ነገር ግን ሁላችንም መድረሳ ውስጥ የተማርነው ወሰን አለው። ዳሩራ በልኩ ነው የሚለካው፤ ሐላሉ ሲገኝ ይነሳል። አጠገቡ ንጹህ እንጀራ የተዘረጋለት ሰው በክት እየበላ «ዳሩራ ነው» ቢል ማን ይሰማዋል? ስለዚህ ጥያቄው «ክራክ ይፈቀዳል ወይ» ከሚለው በፊት ይቀድማል፦ እንጀራው ተዘርግቷል ወይስ አልተዘረጋም?

ተዘርግቷል።

በአማርኛችን «በነፃ» እና «ነፃ» የሚሉት ቃላት ይቀራረባሉ፤ ግን አንድ አይደሉም። ፌስቡክ በነፃ ነው፣ ነፃ ግን አይደለም፤ ውስጡን ማየትም መቀየርም አትችሉም። ነፃ ሶፍትዌር የሚባለው ማንም ሰው ለፈለገው ዓላማ የሚጠቀምበት፣ ውስጡን ከፍቶ የሚያጠናው፣ የሚቀይረውና ለጓደኛው ኮፒ አድርጎ የሚሰጠው ነው። ይህን ሐሳብ አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የሚባለውን ፕሮጀክት ሲያውጅ መልክ አስያዘው። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1991፣ ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑክስን ጀመረ። ልብ በሉ፣ እሱም በትርፍ ጊዜው ነበር የሚሠራው። ዛሬ በኪሳችሁ ያለው አንድሮይድ ስልክ እምብርቱ ሊኑክስ ነው። ቫልቭ የተባለው ትልቅ የጌም ኩባንያ በ2022 ለገበያ ያወጣው ስቲም ዴክ የሚባለው የእጅ ጌም ማሽንም የሚሠራው በሊኑክስ ነው።

በዚህ ዓለም ውስጥ ካሉት ታሪኮች ሁሉ ለኛ ጆሮ ቅርብ የሚሆነው የብሌንደር ታሪክ ይመስለኛል። ብሌንደር የሦስት አቅጣጫ ሥዕልና አኒሜሽን መሥሪያ ነው። ቶን ሮዘንዳል የሚባል ሆላንዳዊ የጀመረው ሲሆን የአንድ ኩባንያ ንብረት ነበር። በ2002 ባለሀብቶቹ ኩባንያውን ዘጉት፤ ሶፍትዌሩም ከነመብቱ በእጃቸው ቀረ። ተጠቃሚዎቹ ምን አደረጉ? ክራክ አልሠሩለትም። 100,000 ዩሮ አዋጥተው ሊገዙትና ለሁሉም ሊከፍቱት ተስማሙ። ገንዘቡ በሰባት ሳምንት ሞላ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን፣ የብሌንደር ኮድ ለዓለም ክፍት ሆነ። በ2025 በአኒሜሽን ዘርፍ ኦስካር የወሰደው «ፍሎው» የተሰኘው የላትቪያ ፊልም በብሌንደር ነው የተሠራው።

ይህን ሳነብ ትዝ የሚለኝ የሩማ ጉድጓድ ነው። ሙሃጂሮች መዲና ሲገቡ ጣፋጭ ውሃ እጥረት ነበር፤ የሩማ ጉድጓድ ባለቤት ውሃውን ይሸጠው ነበር። ሰይዲና ዑስማን (ረ.ዐ) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማበረታቻ ጉድጓዱን ገዝተው ለሙስሊሞች ሰጡት። ሐብታሙም ድሃውም፣ መንገደኛውም እኩል ቀዳ። ኢባዳን ከፈረንጅ ፕሮጀክት ጋር እያወዳደርኩ አይደለም፤ ኒያውም ደረጃውም ሌላ ነው። ነገር ግን አካሄዱን እዩት። በክፍያ የታጠረ ውሃ ነበር፣ አጥሩ በሕጋዊ መንገድ ተገዛ፣ ከዚያ ሁሉም ጠጣ። ይህን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን ያደግን ሰዎች፣ በር ተከፍቶልን ሳለ አጥር እየዘለልን ለመቅዳት መሟገታችን ይገርመኛል።

ንጽጽሩን አንድ እርምጃ ልውሰደው፤ ምክንያቱም ፈቃዶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም፣ ብዙ ወጣትም ሳያነባቸው ያልፋል። ብሌንደር የተከፈተው ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ ለኔ ወቅፍን ይመስለኛል። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) የኸይበር መሬታቸውን ወቅፍ ሲያደርጉት መሬቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይወረስ፣ ፍሬው ግን እንዲበላ ነበር። ጂፒኤልም እንዲህ ይላል ማለት ይቻላል፦ ተጠቀሙ፣ ቀይሩ፣ ብትፈልጉ ሽጡም፤ ቀይራችሁ ለሌላ ስትሰጡ ግን ኮዱን አብራችሁ በዚያው ፈቃድ ስጡ፣ ዘግታችሁ የግላችሁ አታድርጉት። ኤምአይቲ የሚባለው ሌላው ፈቃድ ደግሞ ወደ ሂባ፣ ወደ ስጦታ ይቀርባል። ውሰደው፣ ያሻህን አድርገው፣ ዝጋውም ብትል ዝጋው፣ የሰጪውን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ ግን አታጥፋ። ፈቂህ ሰው ይህን ንጽጽር ቢያርመኝ ደስ ይለኛል፤ ለመግባባት ግን ይበቃናል።

አሁን ወደ ጌም መሥሪያው እንግባ። ጌም የሚሠራ ሰው «ኤንጅን» ያስፈልገዋል፤ ሥዕሉን የሚያንቀሳቅስ፣ ግጭቱን የሚያሰላ፣ ድምፁን የሚያጫውት ማለት ነው። አብዛኛው የዩቲዩብ ትምህርት የሚያስተምረው በዩኒቲ ነው። ዩኒቲ ለጀማሪ በነፃ ይሰጣል፤ በሊኑክስም ይሠራል፤ ክራክም አያስፈልገውም። ታዲያ ችግሩ ምንድነው? በሴፕቴምበር 2023 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ኩባንያው ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ፣ ገቢያቸውና የተጫኑበት ብዛት ከተወሰነ መጠን ያለፈ ጌሞች በእያንዳንዱ አዲስ ጭነት ክፍያ እንደሚከፍሉ አስታወቀ። በዝቅተኛው እርከን ላሉት 20 ሳንቲም የአሜሪካ ገንዘብ ነበር። ዓመታት የፈጀ ጌም ሠርተው ያወጡ ሰዎች በአንድ ማስታወቂያ ዋጋው ሲቀየርባቸው አዩ። ቁጣው ከባድ ስለነበር ኩባንያው ወዲያው አሻሻለው፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚው በወሩ ለቀቀ፣ ከዓመት በኋላ ክፍያው ጭራሽ ተሰረዘ። ተሰረዘ፤ ግን ሰው አንዴ ደንግጧል። ቴራሪያ የሚባለውን ታዋቂ ጌም የሠራው ኩባንያ በዚያው ሰሞን ጎዶት ለሚባለው ክፍት ኤንጅን 100,000 ዶላር ለገሰ፤ ኤፍኤንኤ ለሚባል ሌላ ክፍት ፕሮጀክትም ያንኑ ያህል።

ጎዶትን ሁዋን ሊኒየትስኪ እና አሪየል ማንዙር የሚባሉ ሁለት አርጀንቲናውያን ለራሳቸው ሥራ ሲጠቀሙበት ቆይተው በፌብሩዋሪ 2014 በኤምአይቲ ፈቃድ ከፈቱት። ከአውሮፓና ከአሜሪካ ውጭ፣ ዶላር ከሚያስጨንቃቸው አገሮች በአንዱ የተወለደ መሆኑ ለኔ ትርጉም አለው። የሠራችሁት ጌም ሙሉ በሙሉ የናንተ ነው። ብትሸጡት ማንም ድርሻ አይጠይቃችሁም። ማንም ነገ ተነስቶ ውሉን አይቀይርባችሁም፤ ትላንት የወሰዳችሁት እትም ፈቃዱ እንደያዘ ይኖራል። ከናንተ የሚጠበቀው የጎዶትን የፈቃድ ጽሑፍ ጌማችሁ ውስጥ አንድ ቦታ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ይህቺን ብዙ ጀማሪ ይረሳታል። አማና ናት፤ አትርሷት።

እኛ አገር ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ እሱም ዳታ ነው። የጎዶት መጫኛ ከ100 ሜጋባይት በታች ነው። መጫን እንኳ የለበትም፤ ዚፑን ፈትታችሁ ትከፍቱታላችሁ። መለያ ክፈቱ፣ ኢሜይል ስጡ፣ ኢንተርኔት ላይ ግቡ አይላችሁም። የዩኒቲና የአንሪል መጫኛ በጊጋባይት ነው የሚቆጠረው። በሞባይል ፓኬጅ ለሚኖር ወጣት ይህ ቀልድ አይደለም። ዋናው ግን ይሄ ነው፦ ጎዶትን አንድ ሰው አውርዶ በፍላሽ ለመቶ ሰው ቢያዳርስ ሕጋዊ ነው፤ ፈቃዱ ራሱ ስጡ ይላል። ሊኑክስም፣ ብሌንደርም እንዲሁ። እኛ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ልማዳችን ነው፤ ልማዱን መተው የለብንም፣ የምንገለብጠውን መቀየር ብቻ ነው ያለብን።

ላፕቶፑስ? አብዛኞቻችን ያለን አሮጌ ነው። ሊኑክስ ሚንት፣ በተለይ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነት፣ በ2 ጊጋባይት ራም ይነሳል፤ 4 ቢኖር ይመረጣል። ፋይሉ 3 ጊጋባይት ገደማ ነው። ፍላሽ ላይ ጽፋችሁ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ታስነሱታላችሁ፤ ዊንዶውሳችሁን ሳትነኩ ሞክራችሁ ታዩታላችሁ። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ስክሪኑ መሥራቱን ያኔ ነው ማረጋገጥ ያለባችሁ። ጎዶት ውስጥም አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍቱ «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን የምስል አሠራር ምረጡ፤ ለአሮጌ ግራፊክስ የተሠራው እሱ ነው፣ ሌሎቹ አዲስ ካርድ ይፈልጋሉ። ላፕቶፕ ጭራሽ የሌለውም ቢሆን ጎዶት በአንድሮይድ ስልክና ታብሌት ላይ የሚሠራ እትም አለው። በስልክ ኮድ መጻፍ ያደክማል፣ ግን ይቻላል።

ሥዕል ለሚሠሩ ክሪታ አለ፤ የፎቶሾፕን ሥራ በብሩሽ ለሚሠሩ ሰዎች እኔ እንዲያውም እሱን አስቀድማለሁ። አርማና ቁልፎች ለመሥራት ኢንክስኬፕ፣ ፎቶ ለማስተካከል ጊምፕ፣ ድምፅ ለመቁረጥ ኦዳሲቲ ይበቃሉ። ጊምፕ ላይ ፎቶሾፕ የለመደ እጅ መጀመሪያ ይናደዳል፤ ሳምንት ስጡት።

ሥዕል የማይችል ሰው «ከጎግል ምስል አውጥቼ እጠቀማለሁ» ይላል። ይህም ያው ክራክ ነው፣ ስሙ ብቻ ተቀይሯል። ኬኒ በሚል ስም የሚታወቀው ሆላንዳዊ ሠሪ በሺዎች የሚቆጠሩ የጌም ሥዕሎችን፣ ቁምፊዎችንና ድምፆችን ሲሲ ዜሮ በሚባል ፈቃድ ለቋል፤ ስሙን እንኳ ባትጠቅሱ አይከፋውም። ፍሪሳውንድ ላይ ደግሞ የዝናብ፣ የእግር ኮቴ፣ የበር ድምፅ በየፈቃዱ ተቀምጧል። እዚያ «ባለቤቱን ጥቀስ» የሚል ካለ ጥቀሱ፤ «ለንግድ አይሆንም» ካለ የምትሸጡት ጌም ውስጥ አታስገቡት። በነገራችን ላይ ሙዚቃን የሚጠነቀቁ ወንድሞችና እህቶች ጌም ያለ ሙዚቃ አይሆንም የሚል ሥጋት ሲያነሱ እሰማለሁ። ይሆናል። የነፋስ፣ የወፍ፣ የገበያ ጫጫታ፣ የእርምጃ ድምፅ በደንብ የተቀመጠበት ጌም ከማንኛውም ማጀቢያ በላይ ያስገባል።

አሁን ደግሞ ብዙም የማይወራለት፣ ለኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ፦ ፊደል። ዐረብኛ እንደምታውቁት ፊደሉ በመጀመሪያ፣ በመሐልና በመጨረሻ ሲመጣ ቅርጹ ይለያያል፤ ከቀኝ ወደ ግራም ይጻፋል። በድሮው ጎዶት፣ በሦስተኛው እትም፣ «ቢስሚላህ» ብትጽፉ ፊደሎቹ ተበታትነው ተገልብጠው ይወጡ ነበር። በማርች 2023 የወጣው አራተኛው እትም ይህን አስተካከለው። ከበስተጀርባ ሥራውን የሚሠራው ሐርፍባዝ የሚባል ሌላ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ስሙ ውስጥ ያለችውን «ሐርፍ» መድረሳ የገባ ልጅ ሁሉ ያውቃታል፤ ስያሜው ከፋርስኛ ነው፣ በዋናነት ያዳበረውም በህዳድ እስፋህቦድ የሚባል ትውልዱ ኢራን የሆነ ባለሙያ ነው። በፋየርፎክስ፣ በክሮምና በአንድሮይድ ስልካችሁ ላይ ዐረብኛውን የሚያያይዘው እሱ ነው። ግብፃዊው ኻሊድ ሁስኒ የሠራው «አሚሪ» የተባለው ውብ የነስኽ ቅርጽ ፎንትም በነፃ ፈቃድ ተለቋል። ለአማርኛ «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» እና «አቢሲኒካ» አሉ፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ጎዶት ውስጥ አብሮ የመጣው ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ከነዚህ አንዱን ፕሮጀክታችሁ ውስጥ ራሳችሁ አስገቡ። አለበለዚያ በናንተ ኮምፒውተር ላይ በትክክል የታየው አማርኛ ሌላ ሰው ጋ ሲደርስ ባዶ ሳጥን ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ምን ይሰጠናል? ትንሽ ወንድማችሁን አስቡት። ስልክ ሲይዝ የሚጫወተው ሌላ ሰው፣ በሌላ አገር፣ ለሌላ ዓላማ የሠራውን ነው። በየመሐሉ የቁማር ማስታወቂያ ብቅ ይላል። እኛ ደግሞ ስልኩን እንቀማዋለን፣ ያለቅሳል፣ ነገ ይደገማል። አሊፍን ከባ የሚለይበት፣ ፈትሓና ከስራን እየሰማ የሚነካበት፣ ቃዒዳውን ከመድረሳ ሲመለስ የሚከልስበት በአማርኛ የሚያናግረው ትንሽ ጌም ቢኖር ምን ነበረበት? ይህን ለመሥራት ኩባንያ አያስፈልግም። ኮድ የሚሞክር አንድ ልጅ፣ የምትስል አንዲት እህት፣ ድምፁን የሚያነብ ተጅዊድ የሚችል አንድ ሰው ይበቃሉ። በርግጥ የቁርኣን ጽሑፍ ራሱ ጌም ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ እንዲሁም ስለ ነቢያት ታሪክ ምን መሣል እንደሚቻል ዑለማ መጠየቅ ግድ ነው። ስለዚህ ከፊደሉ ጀምሩ፤ ሰፊ ነው።

ነገሩ በአገራችን አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ኩኩሉ» የተባለውን የዶሮ ማምለጫ ጌም ሲያወጣ ብዙ ሰው የራሱን አገር ጌም በስልኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ከዚያ ወዲህ የኛ መድረሳ፣ የኛ ሰፈር፣ የኛ ረመዳን የሚታይበት ጌም የት አለ ብሎ መጠየቅ መብታችን ነው፤ መልሱ ግን ከሌላ ቦታ አይመጣም።

መሣሪያው ነፃ መሆኑ በራሱ ሥራውን ሐላል አያደርገውም፤ ይህንም ልበል። «ባላትሮ» የሚባለው ጌም በ2024 አንድ ካናዳዊ ለብቻው የሠራውና በሚሊዮኖች የተሸጠ ነው። የተሠራበት «ለቭ» የሚባለው መሣሪያ ነፃና ክፍት ነው። አንድ ሰው በክፍት መሣሪያ እዚህ መድረስ እንደሚችል ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ጌሙ ግን መልኩን የያዘው ከፖከር ነው። እውነተኛ ገንዘብ አይወራረድበትም፤ ቢሆንም እኛ ከዚያ የምንወስደው ብርታቱን እንጂ ካርታውን አይደለም።

የሚያጋጥሙ ችግሮችን ሸፍኜ ማለፍ አልፈልግም። አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ የዋይፋይ ካርዱ ሊኑክስን እሺ አይልም፤ የስልክ ኢንተርኔት በኬብል አገናኝቶ ድራይቨሩን ማውረድ ያስፈልጋል። የኤንቪዲያ ካርድ ያለው ሰው ትንሽ ይለፋል። ጌሙን ለአንድሮይድ ለማውጣት ጃቫንና የአንድሮይድን መሣሪያዎች ለብቻ ማውረድ አለባችሁ፤ እዚያ ላይ ዳታ ይበላል። ፕሌይ ስቶር ላይ ለማስቀመጥ የአንድ ጊዜ 25 ዶላር፣ ስቲም ላይ ለእያንዳንዱ ጌም 100 ዶላር ይጠየቃል፤ የካርዱ ችግር እዚያ ይመለሳል። ኢች የሚባለው ገጽ ግን ማስቀመጫ ክፍያ የለውም፤ ለጓደኛ ደግሞ በቴሌግራም መላክ ይቻላል። ቤቱ አውቶካድ ግድ ያለው የአርክቴክቸር ተማሪ ጉዳይ ሌላ ነው፤ በሱ ላይ እኔ አልፈርድም። ደግሞ ፐብጂና ቫሎራንት ሊኑክስ ላይ አይከፈቱም። ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት የሚነግሩኝ ልጆች አሉ። ጌም መሥራት ለሚፈልግ ሰው ግን፣ ወላሂ፣ ከጸጋዎቹ አንዱ ይመስለኛል።

«ክራኩ ማንን ጎዳ? ኩባንያው ቢሊየነር ነው» የሚሉም አሉ። መጀመሪያ የሚጎዳው ራሱ ጫኚው ነው። አንቲ ቫይረስህን አጥፋ ብሎ የሚጀምር ፋይል ቤትህን ክፈትና ተኛ እንደማለት ነው፤ የቴሌግራም አካውንታቸው ተሰርቆ ከዘመድ ብር የተለመነባቸው ሰዎች ቁጥር ትንሽ አይደለም። ሁለተኛው ሪዝቅ ነው። ዛሬ በጨዋታ የተጀመረው ነገ ሥራ ይሆናል፤ ጌሙ ይሸጣል፣ ወይም በዚያ ችሎታ ደንበኛ ይገኛል። በዱዓችን «ሐላል ሪዝቅ ስጠን» እያልን መሠረቱ ላይ የተነጠቀ ነገር ባናስቀምጥ ይሻላል፤ በተለይ መተኪያው ከጎናችን ተቀምጦ።

የመጨረሻው የምጠይቃችሁ ነገር ይህ ነው። ክረምት ሲመጣ በየመስጂዱ የክረምት ትምህርት ይዘጋጃል። ከዚያ ጎን ለጎን በሳምንት አንድ ቀን ከዐስር በኋላ፣ ሁለት ላፕቶፕና አምስት ልጅ ይበቃል። የመስጂዱ ወጣቶች ጀማዓ 32 ጊጋባይት የሆነ አንድ ፍላሽ ይግዛ። ሊኑክስ ሚንት፣ ጎዶት፣ ብሌንደር፣ ክሪታ፣ ኢንክስኬፕ፣ ኦዳሲቲ፣ የአሚሪና የኖቶ ፎንቶች፣ የኬኒ ሥዕሎች ይጫኑበት። ሱፐርተክስካርት የሚባለውን የመኪና ውድድር ጌም ከነሶርስ ኮዱ ጨምሩ፤ ልጆቹ የመኪናውን ፍጥነት የሚወስነውን ቁጥር ራሳቸው ፈልገው ሲቀይሩት፣ ጌም ከሰማይ እንዳልወረደ ያን ቀን ይገባቸዋል። የመጀመሪያው ሥራ ትልቅ አይሁን፤ ኳስ ከግድግዳ የምትነጥርበት ጌም በሁለት ቅዳሜ ያልቃል። ቃዒዳው ከዚያ ይቀጥላል። የሠራችሁትን ደግሞ ኮዱን ከፍታችሁ ልቀቁት፤ የደሴው ልጅ የጀመረውን የጅማዋ ልጅ ትቀጥለው፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ፣ በስልጥኛ ትተርጉመው። ኮድ የማይችል ሰው መተርጎም ይችላል። ፍላሹን ኮፒ እናድርግ የሚል ሰው ከመጣ ስጡት፤ ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልገውም።

ወላሁ አዕለም።